ጧሪና ቀባሪ፤ ስለ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ታሪክና ስለ እድራችን ግዴታ

በአገራችን አንድ ሰው ደግ ሥራ ሲሠራ ሽማግሌዎች «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ይመርቁታል። ምርቃቱ አጭር ነው፤ ነገር ግን ሰው በመጨረሻ ዘመኑ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ ውስጥ ገብቷል። ጧሪ ማለት በእርጅና ጊዜ የሚያበላ፣ የሚያጠጣ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ጧት ጧት ደግፎ ወደ ፀሐይ የሚያወጣ ነው። ቀባሪ ማለት ደግሞ ሲሞቱ አልቅሶና ገንዞ አፈር የሚያለብስ ነው። ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ አስረን ስለምንጠራቸው አንድ ሥራ ይመስሉናል። ዱሮስ አንድ ነበሩ። የጦረ ልጅ ይቀብራል፤ ቀባሪ የሚባለውም ያው የጦረው ነው።

ዛሬ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። እንዴት እንደ ተለያዩና መቼ እንደ ተለያዩ ለማወቅ የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ አንድ አባል ተነሥተው «መጦሪያ ቤት የገባ ሰው እድርተኛ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው ጠየቁ። ግማሹ ቤት «ነው» አለ፤ ግማሹ «ከሰፈር የወጣ ወጥቷል፤ ደንቡ ደንብ ነው» አለ። ጊዜውም ስለ መሸ ጉዳዩ በይደር ታለፈ። እኛም መዝገቡን ብዙ ዘመን እንደ መያዛችን መጠን፣ የነገሩ ታሪክ ቢታወቅ ውሳኔውም ይቀልላል ብለን ይህችን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አዘጋጅተናል።

መጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። «ጦረ» ማለት አሳዳጊን፣ ወላጅን፣ አቅም ያጣን ሰው ተንከባክቦ አኖረ ማለት ነው። ከዚህ ከአንዱ ግንድ ጧሪ፣ ተጧሪ፣ ጡረታ፣ ጡረተኛ፣ መጦሪያ የሚሉት ቃላት ሁሉ ወጡ። ዛሬ «ጡረታ ወጣሁ» ስንል በየወሩ የሚከፈለውን ገንዘብ እናስባለን እንጂ ቃሉ የልጅ ሥራ ስም እንደ ነበረ ማን ያስታውሳል? የመንግሥት ደመወዝ ቢሮ ገና ሳይታሰብ ጡረታ በየቤቱ ነበረ። መዝገቡ የእናት ሆድ ነው፤ ከፋዩም ልጅ ነው።

ልጅ የሌለውስ? ለሱም መላ ነበረው። በገጠር ልጅ ያልወለደ ሽማግሌ የወንድሙን ወይም የእኅቱን ልጅ ያስጠጋል፤ ወይም ባዳ ቢሆንም እንኳ ደግ ሰው ፈልጎ «ጡረኝ፤ ስሞት ቅበረኝ፤ መሬቱ ያንተ ነው» ብሎ በሽማግሌ ፊት ይዋዋላል። ሌላው መላ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ባሏ የሞተባት ባልቴት ልጆቿን ድራ ስታበቃ ቆብ ትደፋና ወደ ደብር ትጠጋለች። በገዳማት ዙሪያ፣ ይልቁንም እንደ ደብረ ሊባኖስ ባሉት፣ ያረጁ መነኮሳትና መነኮሳይያት ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። በአዲስ አበባም በየአድባራቱ መቃብር ቤት ውስጥ የሚኖሩ እማሆዮችን ሁላችንም እናውቃለን። ያችን ጠባብ ቤት «መጦሪያ» ብሎ የጠራት የለም እንጂ ሥራዋ ያው ነበር። እስላም ወገኖቻችንም በዘካትና በሰደቃ፣ መስጊድ አጠገብ በማስጠጋትም አቅመ ደካማውን ሲረዱ ኖረዋል። እድራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት ስለሆነ ይህንን ሁላችንም በየበኩላችን የምናውቀው ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን የመጦሪያ ቤት ነገር ሲነሣ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ አልነበረም» ይላሉ። ይህ አባባል በሚገባ መታረም ያለበት ይመስለናል። በቤተ ክርስቲያናችን ስሙ የታወቀው የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ370 ገደማ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የድኾች፣ የሕሙማን፣ የለምጻሞችና የእንግዶች መኖሪያ አሠራ። ቤቱ ብዙ ሕንፃዎች ስለነበሩት አዲስ ከተማ መስሎ ይታይ ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ በቢዛንታይን መንግሥት ውስጥ ለሽማግሌዎች ብቻ የሚሆኑ ቤቶች ተቋቋሙ፤ የመንግሥቱም ሕግ በስማቸው ጠቅሷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1136 ዓ.ም. ንጉሥ ዮሐንስ 2ኛ ኮምኔኖስ በቁስጥንጥንያ ላሠራው ገዳም በጻፈው ሥርዓት ውስጥ 24 ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት እንዲኖር ደንግጓል።

ከዚያችው ከተማ ሌላ ምስክር እንጥራ። ቁስጥንጥንያ ኢስታንቡል ተብላ፣ የቱርክ ሡልጣኖች መናገሻ ከሆነች በኋላ፣ ሡልጣን አብዱልሐሚድ 2ኛ «ዳሩልዓጀዘ» የተባለ የአቅመ ደካሞች ቤት አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. ተከፈተ። ዓመቱ አባቶቻችን በአድዋ ድል ያደረጉበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። በግቢው ውስጥ መስጊድም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ የአይሁድ ምኩራብም ተሠርቶ ነበር። ያረጀ ሰው ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ የሚጦርበት፣ ነገር ግን በየሃይማኖቱ የሚጸልይበት ቤት ማለት ነው። እንግዲህ ቤቱን የፈረንጅ ብቻ ማለት አይቻልም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ቀደም ብሎ አስቦበታል።

ታዲያ ሰው መጦሪያ ቤትን ለምን ይፈራዋል? ይህም ታሪክ አለው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1834 በወጣው የድኾች ሕግ መሠረት እርዳታ የሚፈልግ ድኻ የሥራ ቤት ወደሚባለው እንዲገባ ይደረግ ነበር። ቤቱ ሆን ተብሎ ከውጭው ኑሮ የከበደ እንዲሆን ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ ሰነፍ እንዳይመጣበት ተብሎ። ባልና ሚስት በየፊናቸው ይለያያሉ፤ የራሳቸውን ልብስ አውልቀው የቤቱን ዩኒፎርም ይለብሳሉ። ሰነፍ ይመለስ ይሆናል፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ግን ወዴት ይመለሳል? በየጊዜው አሠራሩ እየለዘበ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1948 ያ ሕግ ጨርሶ ቢሻርም ፍርሃቱና ኀፍረቱ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ብዙ ዘመን ቆየ።

በአሜሪካም ቢሆን ድኻ ሽማግሌዎች በየአውራጃው የድኾች ቤት ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ለድኻ አረጋውያን ገንዘብ ሲፈቅድ፣ በመንግሥት ድኻ ቤት ለሚኖሩት አይሰጥም አለ። በዚህም ምክንያት ሰዎች ገንዘባቸውን ይዘው በግል ወደሚተዳደሩ ቤቶች ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ መንግሥት የድኾችን የሕክምና ወጪ መክፈል ሲጀምር «ነርሲንግ ሆም» የሚባሉት ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ። ዛሬ ከእኛው ሰፈር የሄዱ ልጆቻችን በዚያ አገር በነዚህ ቤቶች እየሠሩ የባዕድ ሽማግሌ ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ። ከሚያገኙትም ላይ ቆጥበው እዚህ ላለችው እናታቸው ይልካሉ። እንዲያው ሲታሰብ የሚያስገርም ነው! ልጅቷ የሰው እናት እየጦረች፣ የሷ እናት ደግሞ የሰው እጅ ትጠብቃለች። ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ገንዘብ ባሕር ይሻገራል፤ እጅ ግን አይሻገርም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጀምሮ ሰው ከየአገሩ እየመጣ ሰፈረባት። የመጣው ሰው ርስቱን፣ ወንድሙን፣ ያደገበትን ደብር እዚያው ትቶ ነው። ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ይህ ጥያቄ እድርን ወለደ። እድር በከተማችን በተለይ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት ወዲህ እንደ ተስፋፋ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንዲሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ሳንቲም አዋጥቶ ድንኳን ገዛ፤ ወንበርና ድስት ገዛ፤ ጥሩንባ ነፊ ቀጠረ። በዚህ ዓይነት «ቀባሪ» የሚለው ግማሽ ሥራ ከልጅ እጅ ወጥቶ ወደ ማኅበር እጅ ገባ። ትልቅ ነገር ነው፤ ደካማም ብቸኛም ቢሆን ሳይለቀስለት የሚቀበር ሰው በእድር አገር አይኖርም ተባለ።

«ጧሪ» የሚለው ግማሽስ ወዴት ሄደ? መንግሥት ጥቂቱን ወሰደ። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ወጣ። እኛን የመሳሰልነው ጸሐፊና ተላላኪ ሁሉ ከዚያ በኋላ የወር ተቆራጭ ያለን ሰዎች ሆንን። ነገር ግን ሸማኔው፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ተሸካሚው በዚህ ውስጥ አልነበሩበትም። የግል ድርጅት ሠራተኞች እንኳ የጡረታ አዋጅ የወጣላቸው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሕጉም ቢሆን ልጆችን አልረሳም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ የተቸገረ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ይዞታል። ይሁን እንጂ ልጇን ከሳ ቀለብ የምትቀበል እናት ስንት አለች? «ልጄን ከምከስ ጦሜን ልደር» ነው የምትለው።

ብልህ ነው የተባለው ሰው ደግሞ በግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ክፍል ሰርቪስ ይሠራና ያከራይ ነበር፤ «ለጡረታዬ ነው» ይል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ይህ ጧሪ በአንድ ቀን ቀረ። በሌላ በኩል በዚያው አዋጅ የድኻው የቤት ኪራይ ስለ ተቀነሰ፣ ብዙ ባልቴቶች በቀበሌ ቤት በጥቂት ብር ኪራይ እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ ለመኖር ችለዋል። ሁለቱንም መናገር እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከቤትም የባሰ ነው፤ ጧሪው ራሱ አለቀ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ስንቱ ወላጅ ልጁን አጣ። ጦርነቱ የቀረውን ወሰደ። ከዚያም ኤች.አይ.ቪ. መጥቶ መካከለኛውን ትውልድ ሲያጭድ፣ ይጦሩናል ብለው የሚጠብቁ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን አሳዳጊ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ብዙ እድሮች ደንባቸውን ከፍተው «ለሞተ ብቻ ሳይሆን ለታመመና ለወላጅ አልባ ሕፃናትም እንረዳለን» ያሉት ከባሕላቸው ወጥተው ሳይሆን ችግሩ በር ስላንኳኳ ነው። ቀጥሎም ልጆች ወደ ዐረብ አገር፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነጎዱ። በመጨረሻም ሰፈር ራሱ መፍረስ ጀመረ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ አንዱ ጎረቤት የካ፣ ሌላው ቦሌ አራብሳ፣ ሌላው ጀሞ ኮንዶሚንየም ደረሰው። ለአርባ ዓመት በአንድ አጥር ቡና የተጠራሩ ሰዎች በስልክ የሚገናኙ ሆኑ።

መጦሪያ ቤቶች በከተማችን እየታወቁ የመጡት በዚህ ሁሉ መካከል ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የእማሆይ ትሬዛ እኅቶች አዲስ አበባ ገብተው ቤት ከፈቱ። ከመንገድ የወደቀውን፣ ዘመድ የሌለውን፣ ሊሞት የተቃረበውን እያነሡ ማስታመም ጀመሩ። ነጩን በሰማያዊ ጥለት ቀሚሳቸውን የማያውቅ የዚያ ዘመን ሰው የለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ቢንያም በለጠ የሚባል ወጣት ጥቂት ሰዎችን ከጎዳና አንሥቶ በወላጆቹ ቤት መጦር ጀመረ። ይህ ሥራ አድጎ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሆነ፤ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይጦሩበታል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን ቃላቸውን ያልሰማ ያለ አይመስለንም። ሌሎችም በሃይማኖትና በበጎ አድራጎት የቆሙ ቤቶች በየክልሉ አሉ።

በዓለምም ደረጃ ነገሩ ታስቦበታል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1982 በቪየና ስለ እርጅና የመጀመሪያውን ጉባኤ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ኦክቶበር 1 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 ቀን፣ የአረጋውያን ቀን ሆኖ እንዲከበር ወሰነ። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በሚፈቅደው መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ይናገራል። «አቅሙ በሚፈቅደው መጠን» የምትለዋን ሐረግ ግን ልብ በሉ። ከአቅም በላይ የሆነው ለማን ይቀራል? ለጎረቤት ነው።

እስካሁን ያልነውን ሰብሰብ ስናደርገው፣ ቀብሩን እድር ወሰደ፤ ገንዘቡን የጡረታ መሥሪያ ቤትና በውጭ ያለ ልጅ ወሰዱ፤ ማጉረሱና ማጠቡ ግን ባለቤት አጥቶ ቆይቶ በመጨረሻ መጦሪያ ቤት ላይ ወደቀ። ጧሪና ቀባሪ የተለያዩት በዚህ መንገድ ነው። መለያየታቸው ምን ጉዳት እንዳመጣ ለማስረዳት ከሩቅ ምሳሌ መጥቀስ አያስፈልገንም፤ በገዛ እድራችን የደረሰ አለና ሳንሸሽግ እንጽፈዋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአባሎቻችን አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል። እድሩ ሲቋቋም ከባለቤታቸው ጋር የተመዘገቡ፣ ከዚያም በመበለትነት ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድም ወር ሳያጓድሉ የከፈሉ ናቸው። ኀዘን ቤት ሲሆን ንፍሮ ቀቃይ፣ ሽንኩርት ከታፊ እሳቸው ነበሩ። አንድ ልጃቸው ሞቶባቸዋል፤ አንዷ ዐረብ አገር ናት። አንድ ቀን በጭቃ አዳልጧቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ የሰፈሩ ሴቶች ተራ ገብተው ያስታምሟቸው ጀመር። መጀመሪያ በቀን ሦስት ሰው ይመጣ ነበር፤ ቀጥሎ አንድ ሰው፤ ሰባተኛው ወር ላይ ቀኑን ሙሉ በር የሚከፍትላቸው ጠፋ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሁሉም እንጀራውን ሊያበስል ይሮጣል። በመጨረሻ ራሳቸው «ሰው አላስቸግርም፤ ውሰዱኝ» አሉና በወረዳው በኩል ተነጋግረን አንድ መጦሪያ ቤት ገቡ።

የሄዱበትን ቀን እናስታውሳለን። ይዘው የሄዱት አንድ ጋቢ፣ የልጃቸውን ፎቶግራፍ፣ አንድ ሲኒና በፌስታል የተጠቀለለ የእድር ደብተራቸውን ነው። ቤቱ የቀበሌ ስለ ነበር ለሌላ ሰው ተሰጠ። የስድስት ወር መዋጮ ለአንዲት ጎረቤት አስቀምጠው ነበር፤ ጎረቤቲቱ ከፈለች። ከዚያ በኋላ እሷም ቤቷ ፈርሶ ኮንዶሚንየም ገባች። መዋጮው ቆመ። በደንባችን መሠረት ሦስት ወር ያልከፈለ አባል በጥሩንባ ነፊው በኩል ማስጠንቀቂያ ይነገረዋል፤ ካልቀረበ ይሰረዛል። ጥሩንባ ነፊው በሰፈሩ ዞሮ ለፈፈ። ጥሩንባው ግን መጦሪያ ቤት ድረስ አይሰማም። በአራተኛው ወር ስማቸው በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘ። የሰረዝነው እኛ ነን። ደንቡን ተከትለናል፤ ስናሰምርም እጃችን አልተንቀጠቀጠም። እውነቱን እንናገር ካልን ያን ዕለት እሳቸውን ማሰባችንን እንኳ አናስታውስም።

ለፋሲካ አንዲት አባላችን ልትጠይቃቸው ዳቦ ይዛ ሄደች። እሳቸውም ከእንኳን አደረሰሽ ቀጥለው የጠየቁት ስለ ምግብ ወይም ስለ ልብስ አልነበረም። «መዋጮዬን ማን እየከፈለልኝ ነው? ብድሩን እንድመልስ» ነበር ያሉት። ከትራሳቸው ሥር ደብተሩን አውጥተው አሳዩዋት። «እዚህ የሚጦሩኝ አላጣሁም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ቀባሪዬ ግን እናንተ ናችሁ» አሉ። ሴትዮዋ እውነቱን ለመናገር አፏ አልታዘዘላትም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተነሥታ ይህንን ስትናገር ቤቱ ጸጥ አለ። ክርክርም አልተደረገም። ውዝፉ ከመጠባበቂያ ተከፍሎ ስማቸው ተመለሰ። በማግሥቱ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ማኅተም ይዘን ሄደን ደብተሩን እዚያው ጭናቸው ላይ አድርገን መታነው። የተሰረዙ መሆናቸውን አልነገርናቸውም። ይህም ልክ ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አናውቀውም።

በተከታዩ ክረምት አረፉ። መጦሪያ ቤቱ የገዛ ሥርዓቱ ስላለው ለመቅበር ተሰናድቶ ነበር፤ ነገር ግን ስልካችንን አስመዝግበን ስለ ነበር ደወሉልን። ድንኳኑን የት እንትከል የሚል ችግር ተነሣ፤ ቤታቸው የሰው ነው። አዲሱ ተከራይ ሳይጠየቅ «በኔ በር ላይ ትከሉት፤ ቤቱ የሳቸው ነበር» አለና በበርሜል ውኃ ቀድቶ አቀረበ። አስከሬኑ ሲመጣ ከመጦሪያ ቤቱ ሦስት አስታማሚዎች አብረው መጡ። ለሁለት ዓመት ያጠቧቸው፣ ያጎረሷቸው፣ ሌሊት ያገላበጧቸው ልጆች ናቸው። ከእኛ ይልቅ እነሱ አለቀሱ። ከቀብር መልስ በአንድ ድንኳን ጎን ለጎን ተቀምጠን ንፍሮ ስንዘግን፣ ለካ ጧሪና ቀባሪ ዳግመኛ መገናኘት ይችላሉ አልን። መቼም ያን ዕለት ያየ ሰው «ከሰፈር የወጣ ወጥቷል» አይልም።

እንግዲህ የታሪኩ ትምህርት ለእኛ ይህ ነው። መጦሪያ ቤት ኀፍረት አይደለም፤ ሰውን ጥሎ መምጫ ግን እንዳይሆን የሚያደርገው ጎረቤቱ ነው። የእንግሊዙን የሥራ ቤት አስፈሪ ያደረገው የግድግዳው ድንጋይ ሳይሆን የገባው ሰው ከሚያውቁት ሁሉ መቆረጡ ነበር። ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለውን በትሕትና እናቀርባለን።

1ኛ፤ መጦሪያ ቤት የገባ አባል ስሙ በምንም ምክንያት እንዳይሰረዝ፤ መክፈል ቢያቅተው መዋጮው ከመጠባበቂያ እንዲሸፈን።

2ኛ፤ አባሉ በገባ በሳምንቱ የእድሩ ደብዳቤ በማኅተም ተጽፎ ለመጦሪያ ቤቱ እንዲሰጥ፤ በውስጡም ሰውየው ቀባሪ ያለው መሆኑና የሁለት ሰዎች ስልክ ቁጥር እንዲገለጽ።

3ኛ፤ ለለቅሶ ተራ እንደምንገባ ሁሉ ለጥየቃም ተራ እንዲወጣ፤ በየወሩ ሁለት አባል ሄዶ እንዲጠይቅ። ጠያቂውም የአባሉን ጤና፣ ንጽሕናውንና ሆዱን የሚያሳዝነው ነገር መኖር አለመኖሩን አይቶ ለኮሚቴው እንዲናገር። ለአስታማሚዎቹም ምስጋና ማቅረብ እንዳይረሳ፤ እነሱም ሰው ናቸው፣ ይደክማቸዋል።

4ኛ፤ ማንም አረጋዊ ወደ መጦሪያ ቤት ከመሄዱ በፊት የገዛ ፈቃዱ እንዲጠየቅ። ልጆች ከውጭ አገር በስልክ ቢወስኑም፣ ጎረቤት ቢሰለችም፣ የሚሄደው እሱ ነውና ቃሉ ይሰማ። ቤቱንም አስቀድሞ ሄዶ እንዲያየው ይደረግ። ሊወስዳቸው የሚፈልጋቸውን ዕቃዎች፣ ያችን አንዲት ሲኒም ብትሆን፣ ማንም «ይህ ምን ያደርግልሃል» እንዳይለው።

ደንባችን ሲጻፍ ከሰፈር የሚያወጣው ሞት ብቻ ነበርና እንዲህ ያለ አንቀጽ አላስፈለገውም። የጻፉት አባቶች አልተሳሳቱም፤ ዘመኑ ነው የተለወጠው። ከእኛም ከአሁኖቹ አባሎች መካከል ነገ ጋቢውንና ደብተሩን ይዞ የሚሄደው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ያ ቀን ሲመጣ ጥሩንባው የሚሰማበት ሰፈር ከአጥራችን ወጥቶ እስከ መጦሪያ ቤቱ በር ድረስ የሰፋ ሆኖ እንዲቆየን ዛሬ እንሥራው።

ለሁላችንም ጧሪ ቀባሪ አያሳጣን። አሜን።